ድርጭትና አበባ የተሳለበት የጃፓን ሳህን፦ ካኪየሞን መሆኑ በምን ይለያል?

የሲኒ_እመቤት
ሰላም ለቤቱ። ስለ አንድ ሳህን አስተያየት ፈልጌ ነው። ስምንት ማዕዘን አለው፤ ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ጎን ሁለት ድርጭቶች፣ አጠገባቸው ቋጥኝ፣ አበባና የእህል ዛላ፤ ከላይ አንዲት የምትበር ወፍ። ቀለሞቹ ብርቱካናማ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወደ ቱርኩዝ የሚያደላ አረንጓዴና ትንሽ ቢጫ ናቸው። ጠርዙ ቡናማ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባዶ ነጭ ነው። ከስሩ ጽሑፍ የለም። ሻጩ «ካኪየሞን፣ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን» ይላል። ምኑን ልይ? ደግሞስ ምግብ ይቀርብበታል ወይ?

እቶን_ጠባቂ
እህቴ፣ መጀመሪያ ድርጭቶቹን ተያቸውና ሳህኑን ገልብጪው።

ይህ የድርጭት ስዕል መነሻው የጃፓኗ የሸክላ ከተማ አሪታ ይሁን እንጂ ያልቀዳው የለም። የጀርመኑ ፋብሪካ ማይሰን ሠርቶታል፣ የፈረንሳዩ ሻንቲዪ ሠርቶታል፣ እንግሊዝ አገር ቼልሲና ቦው ሠርተውታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ የነበረው የሳምሶን ቤት ደግሞ የሁሉንም ዓይነት ቅጂ ያወጣ ነበር። ስዕሉ ሰዓሊው ምን አይቶ እንደሳለ ነው የሚነግርሽ። የት እንደተሠራ የሚነግርሽ አፈሩና እግሩ (ከስር የሚቆምበት ቀለበት) ነው።

ነጩን በቀን ብርሃን፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ከተራ ነጭ ወረቀት ጎን አድርገሽ እዪው። ምርጡ የካኪየሞን ነጭ ኒጎሺዴ ይባላል። ኒጎሺ በአካባቢው አነጋገር የሩዝ እጣቢ ነው፤ እውነትም ነጭነቱ እንደ እጣቢ ለስለስ ያለና ሞቅ ያለ ነው። ተራው የአሪታ ፖርሴሊን ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ያደላል። ምክንያቱ በአፈሩና በልባሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ነው፤ አየር ባነሰበት እሳት ሲተኮስ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። (ልባስ የምለው ግሌዙን ነው፤ ሳህኑን የሚሸፍነውን የመስታወት ሽፋን።) ለኒጎሺዴ ብረታቸው ያነሰ ድንጋዮች ይመረጣሉ፣ ይወቀጣሉ፣ በውሃ ይጣራሉ፤ ልባሱም ስስ ይደረጋል። እንዲህ ያለው አፈር ሲደርቅና ሲተኮስ አብዝቶ ስለሚኮማተር ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከእቶን ሲወጣ የሚጣለው ብዙ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ በእግሩ ቀለበት ውስጥ ያለውን እዪ። አሪታ ውስጥ ሰፊ ሳህን ሲተኮስ መሀሉ እንዳይሰምጥ ከስር ትንንሽ የሸክላ ሹሎች ይደገፍበታል። ከእሳት በኋላ ሲነቀሉ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የምታህል ሻካራ ጠባሳ ይተዋሉ፤ 3 ወይም 4 ወይም ከዚያ በላይ። በዘመኑ የቻይና ሳህን ላይ ይህ የለም፤ በማይሰን ቅጂ ላይም አትጠብቂው። ጠባሳ ካለ ጃፓን ነው ማለት ነው።

የቅጂ_አዳኝ
@እቶን_ጠባቂ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስተካክላት። ቼልሲም በድጋፍ ላይ ነው የተኮሰው፤ የቼልሲ ሳህን ስር ሦስት ጠባሳ ማየት የተለመደ ነው። ጠባሳው ቻይናን ያስወጣልሃል፣ ማይሰን መሆኑን ያጠራጥርሃል፤ ቼልሲን ግን አያስወጣም። ቼልሲን የሚያስወጣው አፈሩ ነው። ለስላሳ ፖርሴሊን (ከጠንካራው ባነሰ ሙቀት የሚተኮስ ዓይነት) ስለሆነ የተሸረፈበት ቦታ እንደ ስኳር ቁራጭ ይመስላል፤ የአሪታ ሽራፊ ግን እንደ መስታወት ለስልሶ ነው የሚሰበረው።

እቶን_ጠባቂ
ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ተቃራኒውንም ልጨምር፦ ትንሽ ሳህንና ጎድጓዳ ያለ ድጋፍ ይተኮሳል። ስለዚህ ጠባሳ ስለሌለ ብቻ «ቅጂ ነው» አይባልም። 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ባይኖር እጠይቃለሁ።

ጀማሪ_ነኝ
ይቅርታ ካቋረጥኩ፤ ካኪየሞን የሰው ስም ነው የፋብሪካ?

የቅጂ_አዳኝ
ሁለቱንም፣ ከዚያም የአሠራር ስልት ስም። ሳካይዳ ካኪየሞን (1596–1666) በኪዩሹ ደሴት፣ በዛሬው ሳጋ ግዛት፣ አሪታ ውስጥ የነበረ ሸክላ ሠሪ ነው። ካኪ ፍሬ ነው፤ እስራኤል ያላችሁ አፈርሰሞን የምትሉት። በቤተሰቡ ትውፊት መሠረት ከልባስ በላይ በቀለም መሳልን በ1640ዎቹ የጀመረው እሱ ነው፤ ዘዴውም የመጣው ናጋሳኪ ከነበረ ቻይናዊ ነው። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን ያለው 15ኛው ነው።

ጊዜው ገጥሞላቸዋል። የአሪታ የፖርሴሊን ድንጋይ የተገኘው በ1616 ገደማ ሲሆን፣ ግኝቱ የሚሰጠው ከ1590ዎቹ ጦርነት በኋላ ከኮሪያ ለተወሰደው ለዪ ሳም ፒዮንግ ነው። በ1644 ቻይና ውስጥ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ወደቀ፤ የቻይና ዕቃ ጠፋ። በናጋሳኪ ደጂማ የምትባለው ደሴት ላይ የነበሩት ሆላንዶች ፊታቸውን ወደ አሪታ አዞሩ፤ በ1659 ከ50,000 በላይ ዕቃ አዘዙ። ዕቃው በኢማሪ ወደብ ስለሚወጣ «ኢማሪ» የሚለው ስም ተለጠፈበት። አሁን ካኪየሞን የምንለው፣ ነጩ የበዛበትና ስዕሉ ወደ አንድ ጎን ያደላው ዓይነት፣ ከ1670ዎቹ እስከ 1690ዎቹ የበሰለው ነው። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ዕቃ «ካኪየሞን» ስንል «በዚያ ስልት የተሠራ» ማለታችን ነው፤ የአንድ ሰው እጅ ነው ማለት አይደለም።

የሲኒ_እመቤት
ስለ ስም ከተነሳ፣ የእኛም «ሲኒ» ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው፤ የቻይና ማለት ነው። ይቅርታ፣ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ቀለሙን በማጉያ ሳይ አረንጓዴውና ሰማያዊው ከፍ ብለው ይታያሉ፤ ቀዩ ግን ዝርግ ነው። ይህ ችግር ነው?

ቀለምና_እሳት
እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው።

ከልባስ በላይ የሚቀባው ቀለም፣ ኢናሜል፣ የተፈጨ ብርጭቆ ነው። ድሮ የሲሊካ ዱቄት በእርሳስ እየቀለጠ ይሠራ ነበር፤ እርሳሱ ብርጭቆው በአነስተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ለአረንጓዴ መዳብ፣ ለሰማያዊ ኮባልት፣ ለቢጫ ብረት፣ ለሐምራዊ ማንጋኒዝ ይገባበታል። ብርሃን የሚያሳልፉ ስለሆኑ ወፈር ተደርገው ይቀመጣሉ፤ ሲስሱ ቀለማቸው ይገረጣል። ለዚህ ነው ከፍ ብለው የሚታዩሽ። ከስራቸው ጥቁሩ መስመር ይታያል፦ የቅጠል ጅማት፣ የክንፍ ላባ። ሰዓሊው መስመሩን ቀድሞ ይስላል፣ ብርጭቆውን ከላዩ ይደፋበታል።

ቀዩ ሌላ ዘር ነው። በጣም የላመ የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም የተጣራ ዝገት፣ ከጥቂት ብርጭቆ ጋር ተደባልቆ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ተንሳፋፊው ቅንጣት ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ መሳሳት አለበት። ቢወፍር ይጠቁራል ወይም ይነሳል። ብርቱካናማነቱ የሚመጣው ከቅንጣቱ ልመት ነው፦ በላመ ቁጥር ወደ ብርቱካን፣ በሻከረ ቁጥር ወደ ጉበት ቀለም። ስለዚህም ቀዩ አያያዝ ሲበዛበት ይፈገፈጋል። 300 ዓመት የኖረ ሳህን ላይ ያለ ቀይ ወደ መብራት ሲያዘነብሉት እዚህም እዚያም የሳሳ መሆን አለበት።

የእሳቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሳህኑ ሳይለበስ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይተኮሳል። ልባስ ተቀብቶ በ1,300 አካባቢ። ከዚያ ኢናሜሉ ተስሎ በ800 አካባቢ። ወርቅ ካለበት ከዚያ ባነሰ ሙቀት አንድ ዙር ይጨመራል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ወርቁን ቀድሞ የተኮሰ ሰው ኢናሜሉን ሲተኩስ ወርቁን ያጣዋል።

ብሩሽና_ቅል
@ቀለምና_እሳት ነጭ ገዝቶ በራሱ ለመሳል የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? አረንጓዴው ከእሳት በኋላ በቅርፊት የሚነሳውስ ለምንድን ነው?

ቀለምና_እሳት
ከቅርፊቱ ልጀምር። ኢናሜሉና ልባሱ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም። ኢናሜሉ የበለጠ ሲኮማተር በላዩ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይሠራል፤ ውፍረቱ ሲጨምር ኃይሉም ይጨምርና ልባሱን ይዞ ይነሳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ አሳስተህ ቀባ፤ እቶኑን ደግሞ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትክፈት። «ትንሽ ልየው» ብሎ በ250 ላይ መክፈት የብዙ ሥራ ገዳይ ነው።

አሳሳሉ፦

ዕቃው ተለብሶ የተተኮሰ አዲስ ፖርሴሊን ይሁን። በአልኮል ጥረገው፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙንና እግሩን ብቻ ያዝ። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይሸሻል። ያረጀ፣ ለዓመታት ያገለገለ ሳህን አትጠቀም፤ በስንጥቁ ውሃና ቅባት ጠጥቶ ስለሚሆን በእሳት ውስጥ ያኩረፈርፋል፣ ጥቁር ነጥብም ያወጣል።

ስዕሉን ማስተላለፍ፦ ጃፓኖች ስዕሉን በስስ ወረቀት ላይ በቅል ከሰል ይስሉና ወረቀቱን ሳህኑ ላይ አድርገው ያሹታል (ስምህ እዚህ ገባ!)። የቅል ከሰል ልሙጥ ነው፤ አንዱ ወረቀት ለብዙ ሳህን ያገለግላል፣ መስመሩም በእሳት ተቃጥሎ ይጠፋል። ተራ የጽሕፈት እርሳስም ይሠራል፤ ግን አደብዝዘህ ሳል፤ ከወፈረ ቀለሙ በላዩ አይይዝም።

መስመር፦ ጥቁሩን ዱቄት በመስታወት ላይ ከወፍራም ሻይ ጋር ፍጨው። በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ቅንጣቱን ያቆመዋል፤ መስመሩ አይፈስም፣ ሲደርቅም በቀላሉ አይፈገፈግም። አፈጫጨቱን አታሳጥር። በጣትህ መካከል አሸዋ ከተሰማህ ገና ነው። ለድርጭት መጀመሪያ ምንቃርና ዓይን፣ ቀጥሎ የጀርባውን ቅስት በአንድ ትንፋሽ፣ መጨረሻ ላባውን በአጫጭር ጭረት። ጀርባውን ቆርጠህ ከቀጠልከው መገጣጠሚያው ከእሳት በኋላ ጎልቶ ይወጣል።

ሙሌት፦ መስመሩ ይድረቅ። ቀለሙን በውሃና በትንሽ ማጣበቂያ በጥብጥ፤ ጃፓን ውስጥ ከባሕር አረም የሚቀቀል ፉኖሪ የሚባል ሙጫ አለ። ብሩሹን ሞልተህ ጠብታውን መሀል ላይ አኑረውና ወደ መስመሩ ግፋው፤ አትፈግፍግ፤ ከፈገፈግክ ከስር ያለው መስመር ይነሳል። ቀዩን ከሌላው ቀለም ጎን እንጂ ከስሩ አታድርግ፤ የቀለጠው ብርጭቆ ቀዩን ይበላዋል።

እሳት፦ እስከ 400 ዲግሪ ድረስ በሰዓት ከ100 እስከ 150 እየጨመርክ፣ መተንፈሻውን ከፍተህ ውጣ፤ ሙጫው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ፈጥነህ ከዘጋኸው ጭሱ ታምቆ ቀዩን ያጠቁረዋል። ከዚያ ዝጋና ቀለም ሻጩ ወደሚሰጠው ሙቀት ውሰደው፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያዘው። ሙቀቱ ካነሰ ቀለሙ ሲነካ ሻካራ፣ ሲታይ ደብዛዛ ነው፤ ድጋሚ መተኮስ ያድነዋል። ከበዛ ቀዩ ይገረጣል፣ አረንጓዴው ከመስመር ይፈስሳል፤ ለዚህ መመለሻ የለውም።

የኩታኒ_ወገን
እዚህ ክር ላይ ወፍና አበባ ሁሉ ካኪየሞን የሆነ ይመስላል። ኩታኒስ?

እቶን_ጠባቂ
አልረሳነውም፤ የእሷ ሳህን ግን ወደዚያ አይሄድም። ኩታኒ ያለው በዛሬው ኢሺካዋ ግዛት ነው። አምስቱ ቀለሞቹ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥልቅ ሰማያዊና ቀይ ናቸው፤ ቀለሙ ወፍራም፣ ነጩ ጥቂት። አኦዴ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ቀይ የለውም፤ ሳህኑ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በአረንጓዴና በቢጫ ይሸፈናል። ወፏ በቀለም ተከባ ነው የምትቀመጠው። ካኪየሞን ላይ ወፏ አየር አላት።

የኩታኒ_ወገን
እስማማለሁ፤ ግን ጥንታዊው ኩታኒ ራሱ የት እንደተሠራ ክርክር አለበት። ብዙ ተመራማሪዎች ጥንታዊ ኩታኒ ከሚባለው ብዙው አሪታ የተሠራ ነው ይላሉ፤ በአሪታ እቶኖች ቁፋሮ ተመሳሳይ ስብርባሪ ተገኝቷል። ስለዚህ «ወፍራም አረንጓዴ = ኢሺካዋ» ብለህ አትደምድም። ያለ ጥርጥር የኩታኒ የሆነው በ1824 በዮሺዳያ እቶን ከተነሳው ትንሣኤ ወዲህ ያለው ነው።

ናቤሺማ የሚባለውን የጃፓን ዕቃም ጨምሩ፤ እሱን መለየት ቀላል ነው። የሳጋ ገዢ ለሾጉኑ (ለጃፓን ወታደራዊ ገዢ) ስጦታ ኦካዋቺ በተባለ ቦታ ያሠራው ነበር፤ ለገበያ አይወጣም። መስመሩ ከልባስ በታች በሰማያዊ ይሳላል፤ ከላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ይሞላል። እግሩ ረጅም ነው፣ ዙሪያውንም የማበጠሪያ ጥርስ ስዕል አለው። መጠኑም የተወሰነ ነው፤ 15፣ 21 እና 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የሷ 24 እዚያ ውስጥ አይገባም።

የቅጂ_አዳኝ
ወደ ቅጂዎቹ ልመለስ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ማይሰን በ1710 ተመሠረተ፤ ባለቤቱ ኃያሉ አውግስጦስ የጃፓን ዕቃ የጠናበት ንጉሥ ነበር። ከ1729 እስከ 1731 ባለው ጊዜ ለሜር የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ የአውግስጦስን የጃፓን ዕቃ ማይሰን ላይ አስቀድቶ ፓሪስ ውስጥ በጃፓንነት ለመሸጥ ሞከረ። የማይሰን መለያ የሆነው የተሻገሩ ሰይፎች ምልክት ከልባስ በላይ ነበር የተሳለው፤ ስለዚህ ሊፋቅ ይችላል። ከስር መሀል ላይ ልባሱ የደበዘዘ ወይም የተቧጨረ ክብ ቦታ ካገኘሽ አቁሚና አስቢ። ማይሰንም ጠንካራ ፖርሴሊን ስለሆነ በሽራፊው አይለይም፤ ነጩ ቀዝቀዝ ያለ፣ አሠራሩ ከልክ በላይ ትክክል ነው።

ሻንቲዪ በ1730 አካባቢ የተጀመረ ነው። ለስላሳ ፖርሴሊን ላይ ቆርቆሮ የገባበት፣ እንደ ወተት የማያሳልፍ ልባስ ነው የተቀባው። ሳህኑን መብራት ላይ ስታደርጊ ብርሃኑ የሚታፈን ከሆነ ወደዚያ ያመራል።

ጽሑፍን በተመለከተ፣ በላቲን ፊደል «ኒፖን» (በጃፓንኛ ጃፓን ማለት ነው) የሚል ካለ ከ1891 ወዲህ ወደ አሜሪካ የተላከ ነው፤ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ የአገር ስም ያስገደደው ያኔ ነው። «ጃፓን» የሚለው ከ1921 ወዲህ የመጣ ነው። በካሬ ውስጥ ያለው «ፉኩ» የሚለው የመልካም ዕድል ፊደል በብዙ እቶኖች ዕቃ ላይ ስለተጻፈ ሠሪውን አይነግርም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ጽሑፍ አልባ ቢሆን ግን ምንም አይደንቅም።

አንድ ሌላ ወጥመድ፦ ኒጎሺዴ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠፍቶ ነበር፤ 12ኛውና 13ኛው ካኪየሞን በ1953 መለሱት። ስለዚህ እውነተኛ የካኪየሞን ቤት ሥራ፣ እውነተኛ እጣቢ ነጭ ሆኖ፣ ዕድሜው 70 ዓመት ያልሞላ ሊሆን ይችላል። ዋጋው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ «17ኛው ክፍለ ዘመን» ግን አይደለም።

ጠጋኝ_እጅ
ስለ አያያዝ፦ የጥንት ኢናሜል እርሳስ አለበት። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የቲማቲም ወጥ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር እርሳሱን ያወጣዋል፤ ቆይታና ሙቀት ያብሱታል። ስዕሉ መሀል ላይ በሆነ ሳህን ምግብ አታቅርቢ። አረንጓዴው ደብዝዞ በላዩ የቀስተ ደመና ቀለም የሚያሳይ ከሆነ ብርጭቆው መበላት ጀምሯል፤ ይህ ከሌላው የባሰ ነው። የቤት ውስጥ የእርሳስ መመርመሪያ ጥጥ «የለም» ቢል አትመኚው። ለምግብ ከፈለግሽ ቀለሙ እርሳስ አልባ መሆኑ የተጻፈበት አዲስ ዕቃ ግዢ።

አጠባ፦ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፊ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። አንድ በአንድ። በረኪና አይነካውም፤ ማጠቢያ ማሽንም አይገባም። ከማጠብሽ በፊት ግን በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት እዪው፤ የተጠገነ ቦታ ከዙሪያው ተለይቶ ያበራል። ጥገናው ውሃ ከነካው ይለቃል። ግድግዳ ላይ በስፕሪንግ ማንጠልጠያ አትስቀይ፤ ቡናማውን ጠርዝ የሚሸርፈው እሱ ነው።

የሲኒ_እመቤት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገልብጬ አየሁ፦ የድጋፍ ጠባሳ የለም። እግሩ ፍጹም ለስላሳና ነጭ ነው። ቀዩ የትም አልተፈገፈገም። በ10 እጥፍ ማጉያ የድርጭቷ ላባ መስመር በትንንሽ ነጥቦች ተቆራርጦ ይታያል፤ አረንጓዴው ከፍ ያለው ግን እውነት ነው።

ቀለምና_እሳት
ነጥቦቹ እኩል ርቀት ላይ ተደርድረዋል? ከሆነ መስመሩ ታትሞ የተለጠፈ ነው፤ በእጅ የተሞላው ከላዩ ያለው አረንጓዴ ብቻ ነው። የብሩሽ መስመር መነሻው ይወፍራል፣ መጨረሻው ይቀጥናል፤ በነጥብ አይቆራረጥም።

የሲኒ_እመቤት
አዎ፣ እኩል ናቸው። በሁለቱም ድርጭቶች ላይ።

የቅጂ_አዳኝ
እንግዲያው 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ለሻጩ የላባውን ፎቶ በማጉያ አንስተሽ ላኪለት፤ ዋጋውን ከዚያ ተነጋገሩ።

ጠጋኝ_እጅ
ምግብ ግን አሁንም አታቅርቢበት። አዲስ መሆኑ እርሳስ የለውም ማለት አይደለም።